ወረቀት የሌለው ውሻዬ

ውሻዬ መቻል ይባላል። የኳስ ክለቡ ደጋፊ የምመስላቸው ብዙ ናቸው፤ እኔ ስታዲየም ገብቼ አላውቅም። ስሙን ያወጣችለት እናቴ ናት። በኢኮኖሚክስ ተመርቄ ዓመት ከምናምን ቤት ተቀምጬ፣ ቁርጥራጭ ጽሑፍ እየጻፍኩ ያጠራቀምኳትን 15 ሺህ ብር ይዤ ወጥቼ ቡችላ ታቅፌ ስመለስ ዝም ብላ አየችኝና «እንግዲህ ስሙ መቻል ነው» አለች። ድሮ ሰው ለጎረቤቱ ፊት ለፊት ሊናገር ያልፈለገውን በውሻው ስም ይናገር ነበር። እናቴ ለኔ ተናገረችበት።

ሻጩን ያገኘሁት ቴሌግራም ላይ ነው። «ኦሪጅናል ጀርመን ሸፐርድ፣ መቶ በመቶ ፒዩር» ይላል ማስታወቂያው። ወረቀት አለው ወይ ብዬ ስጠይቀው «ወንድሜ፣ ውሻ እኮ ነው፣ ካርታ ያለው መሬት መሰለህ?» አለኝ። ሳቅኩና ከፈልኩ።

አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ ያገለገሉ መኪኖች ገበያ የጻፈውን ተምሬ፣ ተፈትኜ፣ ጥሩ ውጤት አምጥቼበታለሁ። ሻጩ የመኪናውን ጉድ ያውቃል፣ ገዢው አያውቅም፣ ስለዚህ ገበያው ይበላሻል ነው ነገሩ። ሰውየው ለዚህ ሐሳብ ኖቤል ወስዷል። እኔ ቪትዝ ብገዛ መካኒክ ይዤ እሄድ ነበር፤ ቡችላ ግን ጆሮውን አይቼ ገዛሁ።

ጆሮው ያምራል፣ እሱን አልክድም። መቻል አድጎ ጥቁርና ቡናማ፣ ደረቱ ሰፊ፣ ሰው ዞር ብሎ የሚያየው ውሻ ሆነ። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ አብረን እንወጣለን፤ አስፋልቱ ባዶ ስለሆነ የሚፈሩት ሰዎችም አይጨነቁም። ሥራ አመልክቼ መልስ ያጣሁ ቀን በሩ ላይ ተጋድሞ እግሬ ላይ አገጩን ያስቀምጣል። እናቴ ቤት እንዳይገባ ከልክላለች፣ ጠዋት ጠዋት ግን ማን ፍርፍር እንደሚያበላው ሁላችንም እናውቃለን። ሰፈር ውስጥ ውሻ ያላቸው ሰዎች ደግሞ ዓይናቸውን ጣሉበት። አንዱ ሴት ውሻውን ለማስጠቃት 20 ሺህ ብር እከፍላለሁ አለኝ። 20 ሺህ! በአንድ ቀን ከነገዛሁበት ዋጋ ይመልስልኛል። ዓመቱን ሙሉ በኤክሴል አሰላሁት፤ ከሥራ ፍለጋ የተሻለ ቢዝነስ ሆኖ ወጣ።

ባለፈው የካቲት መጨረሻ በርሚንግሃም የሚኖረው የአክስቴ ልጅ በቪዲዮ ደወለልኝ። ኤንኢሲ በሚባለው ትልቅ የኤግዚቢሽን አዳራሽ ጽዳት ይሠራል። «ና ጉድ እይ» ብሎ ካሜራውን አዞረው። አዳራሹ እስከ መጨረሻው ውሻ ነው። እያንዳንዱ ውሻ የራሱ ቁጥር ያለው መደብ አለው፤ አንዲት ሴትዮ በፀጉር ማድረቂያ ነጭ ውሻ ታደርቃለች፣ አንድ ሽማግሌ ከውሻው አጠገብ ተጋድሞ ያንቀላፋል። ክራፍትስ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1891 ለንደን ላይ ተጀምሮ፣ ከ1991 ወዲህ በርሚንግሃም ላይ የሚካሄድ የአራት ቀን የውሻ ትርዒት ነው። አጠቃላይ አሸናፊው ስንት እንደሚያገኝ ታውቃላችሁ? በጣም ትንሽ ገንዘብ ነው። የአክስቴ ልጅ «የኔ የአንድ ቀን ደሞዝ እኮ ነው» ብሎ ሳቀ።

ከዚያ ጀርመን ሸፐርዶች ወዳሉበት ሜዳ ወሰደኝ። ዳኛዋ ጥርሱን ታያለች፣ ትከሻውን በእጇ ትዳስሳለች፣ ወገቡን፣ ታፋውን። ቀጥሎ ባለቤቱ ይዞት በሶምሶማ ይዞራል፤ እሷም ቆማ እግሩን ብቻ ታያለች። ውድድሩ ውሻ ከውሻ ጋር ይመስላል፣ በደንቡ ግን እንደዚያ አይደለም። እያንዳንዱ ውሻ የሚለካው ዘሩ መሆን አለበት ተብሎ በጽሑፍ ከተቀመጠው መግለጫ ጋር ነው፤ ለመግለጫው የቀረበው ያሸንፋል።

ዋይፋያችን የዚያን ሳምንት ሥራ በዛበት። ሌሊቱን ሙሉ ዩቲዩብ ላይ አደርኩ። ለካ ጀርመን ሸፐርድ ራሱ የተወለደው ትርዒት ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1899 ማክስ ፎን ስቴፋኒትዝ የሚባል የፈረሰኛ መኮንን ካርልስሩኸ ከተማ የውሻ ትርዒት ሄዶ አንድ የበግ ጠባቂ ውሻ አየ፣ ወደደው፣ ገዛው፣ ሆራንድ ፎን ግራፍራት ብሎ ስሙን ቀየረው፣ የዘር መዝገብ ከፍቶ 1 ቁጥር ሰጠው። «ወረቀት» የሚባለው ወደዚያ መዝገብ የሚመለስ የትውልድ ሐረግ ነው። የኔ መቻል ሐረጉ የሚመለሰው ወደ አንድ የቴሌግራም ቻናል ነው።

ያም ሆኖ ልለካው ወሰንኩ። ዓለም አቀፉ መግለጫ ወንድ ከትከሻው በላይ ከ60 እስከ 65 ሴንቲሜትር፣ ክብደቱ ከ30 እስከ 40 ኪሎ ይላል። በልብስ ሰፊ ሜትር 64 ሆነ። ወይኔ ኩራቴ! ለኪሎው ወፍጮ ቤት ወሰድኩት፤ ባለወፍጮው እየተሳደበ ሚዛኑን ለቀቀልን። 43። ፍርፍሩ እዚያ ላይ ታየ።

ከዚያ ግቢያችን ውስጥ እንደነሱ በሶምሶማ አዞርኩት፣ እህቴ በስልኳ ቀረጸች፣ እናቴ በረንዳ ላይ ቁጭ ብላ «ለይቶልሃል» እያለች ሳቀች። ማታ ቪዲዮውን አዝግሜ አየሁት። እነዚያ ሜዳው ላይ ያየኋቸው ውሾች የኋላ እግሮቻቸው ተራ በተራ ያርፋሉ። የመቻል ፈጠን ሲል ሁለቱም አንድ ላይ ይነሳሉ፣ አንድ ላይ ያርፋሉ። እንደ ጥንቸል። ይህን አረማመድ ሁለት ዓመት አይቼዋለሁ። ደስ ስለሚለኝ «ጥንቸሌ» ብዬ እጠራው ነበር።

የእንስሳት ሐኪሙ ማደንዘዣ ወግቶ ራጅ አነሳው። ፊልሙን መስኮቱ ላይ ለጥፎ በእስክሪብቶ አሳየኝ። የታፋ አጥንቱ ክብ ጫፍ ጥልቅ ጎድጓዳ ውስጥ መቀመጥ ሲገባው፣ የሱ ጎድጓዳ ሳህን ነው የሚመስለው። በትልልቅ ዘሮች፣ በተለይ በጀርመን ሸፐርድ፣ የተለመደ ነው አለኝ። በዘር ይወርዳል፤ ውፍረት ያባብሰዋል። ለዚህ ነው በብዙ አገር ጥንቃቄ ያላቸው አርቢዎች ሁለቱን ወላጆች ከማጋጠማቸው በፊት ዳሌያቸውን ራጅ የሚያስነሱት፤ ውጤቱም ከስማቸው ጋር ይመዘገባል። እኔ «ወረቀት» ስባል የሀብታም ጉራ ይመስለኝ ነበር።

የትርዒቱን ዓለም ቅዱስ ማድረጌም አይደለም። ዳኛ የሸለመው ነገር ይባዛል፣ ኢንሴንቲቭ ማለት ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በንጹህ ዘር ውሾች ጤና ላይ የወጣ ዘጋቢ ፊልም እንግሊዝን አናውጦ ቢቢሲ ክራፍትስን ማስተላለፍ አቁሟል። በ2016 ደግሞ ከዘሯ አንደኛ የወጣች ጀርመን ሸፐርድ ጀርባዋ ወደ ኋላ ተዳፍቶ ስትራመድ የታየችበት ቪዲዮ ብዙ ሰው አስቆጥቷል። ወረቀት ነበራት። ግን እዚያ ሜዳ ላይ ዳኛዋ እግሩን ስታይ ባላይ ኖሮ፣ እኔም የውሻዬን እግር አላይም ነበር።

ሻጩ ጋ ደወልኩ። የእናትና የአባቱ ዳሌ ራጅ ተነስቶ ነበር ወይ አልኩት። «እኔ ራሴ ተነስቼ አላውቅም» ብሎ ዘጋው።

ባለ 20 ሺው ሰውዬ ቅዳሜ ደወለ። ውሻው ደርሳለች፣ እሁድ ላምጣት ይላል። ኪሴ ውስጥ የነበረውን ብነግራችሁ ታዝኑልኛላችሁ። ከሷ ሰባት ስምንት ቡችላ ቢወለድ፣ «ፒዩር» ተብለው ቴሌግራም ላይ ይወጣሉ፤ ከመካከላቸው አንዱን እንደኔ ያለ ሰው ያጠራቀመውን ይዞ ይገዛል። ችግሩን ነገርኩት። «ማን ያያል ታዲያ? መልኩ እኮ ቆንጆ ነው» አለኝ። መልስ ከመስጠት የራጁን ፎቶ በቴሌግራም ላክሁለት። ሁለቱም ምልክት መጣ፣ መልስ ግን አልመጣም። ኤክሴሉን አጠፋሁት።

መቻል አሁን 40 ኪሎ ከግማሽ ነው። ደረጃ አይወጣም፣ ከአጥር አይዘልም፣ ጠዋት በገመድ ቀስ ብለን እንሄዳለን። ሐኪሙ እስከ 36 አውርደው ብሏል። ለእናቴም ሽንኩርት ለውሻ መርዝ እንደሆነ ከነማስረጃው አስረድቻታለሁ፤ ፍርፍር ካቆምኩ ሦስት ሳምንቴ ነው ትላለች። ዛሬ ጠዋት ግን ሊስመኝ ሲመጣ አፉ በርበሬ በርበሬ ይሸት ነበር።