የቀድሞ ኮምፒዩተር መዝገብን ወደ አዲሱ ስለ ማዛወር

የሒሳብ መዝገብ እንደ ዕቃው ሁሉ የነጋዴው ሀብት ነው። ነገር ግን በቀድሞ ኮምፒዩተር ተጽፎ በፍሎፒ ዲስክ የተቀመጠ ሒሳብ፣ መሣሪያው ሲያረጅ ከባለቤቱ እጅ ይወጣል።

ባለ 3.5 ኢንቹ ዲስክ በዩኤስቢ በሚገጠም ማንበቢያ ወደ አዲሱ ኮምፒዩተር ይገለበጣል፤ አስቀድሞም በስሕተት እንዳይጻፍበት በጥጉ ያለውን መዝጊያ አንሸራትቶ ቀዳዳውን መክፈት ያሻል።

ዋናው ችግር የአማርኛው ጽሑፍ ነው። ፊደላችን ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ስለ ሆነ፣ ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ፕሮግራም ለፊደሉ የየራሱን ቁጥር ይሰጥ ነበር። ስለዚህ ፋይሉ ቢገለበጥም ጽሑፉ ተዛብቶ ይታያል። ነጋዴው ከፋይሉ ጋር ፕሮግራሙንና ፎንቱን ጭምር ይገልብጥ፤ አሮጌው ኮምፒዩተር ገና የሚሠራ እንደ ሆነም ዋና ዋናውን ሒሳብ በወረቀት አትሞ ያኑር። የዕዳ ክርክር በተነሣ ጊዜ ሊነበብ የማይችል መዝገብ ምስክር አይሆንም።