አስወጪው ሰዓት፦ ማጠሩ ብቻውን ጥበቃ አይደለም

በልደታ፣ በፌደራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዙሪያ፣ አቤቱታ የሚተየብባቸው የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች አሉ። አንዱ ባለጉዳይ ሲነሣ ሌላው በዚያው ወንበር ይቀመጣል። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ፣ በሰንጋ ተራ፣ የባንኮች ዋና መሥሪያ ቤቶች ቆመዋል፤ ደንበኞቻቸው ዛሬ ገንዘባቸውን የሚያንቀሳቅሱት በስልክና በኮምፒውተር ነው። ሁለቱንም ስፍራ የሚጠብቅ አንድ መሣሪያ አለ፤ ተጠቃሚው ዝም ያለበትን ጊዜ ቆጥሮ ከድረ ገጹ የሚያስወጣው ሰዓት። ሥራውን በሚገባ ሲሠራ ልብ የሚለው የለም፤ የሚነሣው «ሲስተሙ አስወጣኝ» እየተባለ ሲማረሩበት ብቻ ነው። ጥፋቱ ግን ከሰዓቱ ይልቅ ሳያስቡ የሚሞሉት ሰዎች ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ድረ ገጽ በተፈጥሮው አንዱን ገጽ ከከፈተልን በኋላ ማን እንደሆንን አያስታውስም። ስለዚህ ፓስወርዳችንን ስናስገባ ሰርቨሩ ምልክት ይሰጠናል፤ ምልክቱም በአብዛኛው ኩኪ በሚባለው ትንሽ መዝገብ ውስጥ ይቀመጣል። ኩኪን በ1994 እ.ኤ.አ. ያበጀው በኔትስኬፕ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ሉ ሞንቱሊ ነው። ምልክቱ ዕድሜ አለው፤ ዕድሜውን የሚወስኑት ደግሞ ሁለት ሰዓቶች ናቸው። አንደኛው ዝምታን ይቆጥራል፤ ሁለተኛው ሰው ቢሠራም ባይሠራም ከገባበት ጊዜ ጀምሮ ይቆጥራል።

ብዙዎች የሚስቱት ዝምታን የሚቆጥረውን ነው። ሰርቨሩ ጣቶቻችንን አያይም። ሰዓቱ እንደ አዲስ መቁጠር የሚጀምረው ከእኛ ዘንድ ጥያቄ ሲደርሰው፣ ማለትም አዲስ ገጽ ስንከፍት ወይም «ላክ» የሚለውን ስንጫን ነው። ገጹ በየመሐሉ መልእክት እንዲልክ ተደርጎ ካልተሠራ በቀር፣ ረጅም ቅጽ እየሞላ ያለ ሰው ለሰርቨሩ ወንበሩን ጥሎ ከሄደ ሰው አይለይም። ይህ ደግሞ በአማርኛ ጸሐፊ ላይ ይከብዳል፤ በተለመዱት የትየባ ዘዴዎች አንድን ፊደል ለማውጣት ብዙ ጊዜ ሁለት ቁልፍ መንካት ያስፈልጋል፤ በዚያ ላይ አቤቱታ አቅራቢው ቀን ያጣራል፣ ሰነድ ያገላብጣል። የሰዓቱ ቁጥርስ ከየት መጣ? ብዙ ጊዜ ማንም አስቦበት አልወሰነውም። ፒኤችፒ በተባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ቋንቋ፣ ካልተቀየረ በቀር፣ የተቀመጠው ልክ 1,440 ሰከንድ ወይም 24 ደቂቃ ነው፤ ቶምካት በተባለው ሰርቨር 30 ደቂቃ ነው። አርባ ደቂቃ የጻፈ ሰው «ላክ» ሲል የመግቢያው ገጽ ይመጣበታል፤ ጽሑፉም ይጠፋል። ሰውየው ከወንበሩ አልተነሣም፤ ከሌባ የዳነ ነገር የለም፤ የባከነው ድካሙ ብቻ ነው።

«ቢሆንም ባጠረ ቁጥር ይሻላል» የሚል ይኖራል። አይደለም። የዝምታው ሰዓት በዋናነት የሚከላከለው አንድ አደጋን፣ ተከፍቶ የተተወን ኮምፒውተር ነው። ምልክታችንን ከሩቅ የሰረቀ ሰው ግን በየደቂቃው ጥያቄ እየላከ ሰዓቱን ሊያታልለው ይችላል፤ እሱን የሚገታው ሁለተኛው ሰዓት ነው። ደጋግሞ የተባረረ ተጠቃሚ ደግሞ ለመተየብ የሚቀል ፓስወርድ ይመርጣል፣ ወይም በጋራ ኮምፒውተር ላይ ያስቀምጠዋል። የውጭ ልምድም አንድ ቁጥር ለሁሉም እንደማይሆን ያሳያል። የአውሮፓ ኅብረት የክፍያ ደንብ ዝምታ ከ5 ደቂቃ እንዳይበልጥ ያዛል፤ ገንዘብ መላክ አጭር ሥራ ነውና ይህ ተገቢ ነው። የአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም በ2017 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ግን ለመካከለኛው የጥበቃ ደረጃ 30 ደቂቃ ዝምታን፣ በጠቅላላው ደግሞ 12 ሰዓትን ፈቅዶ ነበር።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ የጋራ ኮምፒውተር ነው፤ በጽሕፈት ቤት የረዘመ ሰዓት ቀጥሎ ለሚቀመጠው ሰው የተከፈተ በር ነው። እውነት ነው። መፍትሔው ግን ሁሉንም ማስቸኮል ሳይሆን ሲገቡ «የጋራ ኮምፒውተር ነው» የሚል ምርጫ መስጠትና ለዚያ ብቻ ሰዓቱን ማሳጠር ነው። ተጠቃሚውም ከወቀሳ አያመልጥም። መስኮቱን መዝጋት መውጣት አይደለም፤ ምልክቱ በሰርቨሩ ዘንድ በሕይወት ሊቆይ ይችላል። «ውጣ» የሚለውን ሳይጫኑ መታወቂያቸውንና የመዝገብ ቁጥራቸውን ለማያውቁት ሰው ትተው የሚሄዱትን ሁሉ የትኛውም ሰዓት ሙሉ በሙሉ አያድናቸውም።

ስለዚህ ጥብቅነቱ አደጋው ባለበት ቦታ ይሁን። ገንዘብ ሲላክ፣ ፓስወርድ ሲቀየር ወይም አቤቱታ ሲፈረም ድረ ገጹ ማንነትን እንደገና ይጠይቅ፤ ሰው በሚጽፍበት ገጽ ግን ጊዜ ይስጥ። ረቂቁን በኮምፒውተሩ ላይ ሳይሆን በተጠቃሚው ስም በሰርቨሩ ያስቀምጥ፤ ያኔ ሰዓቱ ቢያስወጣውም መብራት ቢጠፋም ጽሑፉ ይቆየዋል። ከማስወጣቱም በፊት ያስጠንቅቅ፤ ዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ ለማራዘሚያ ቢያንስ 20 ሰከንድ እንዲሰጥ ይጠይቃል፤ ማየት ለሚቸግረው ወይም እጁ ለሚዘገይ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ አገልግሎታቸውን ወደ ኢንተርኔት የሚያሻግሩ መሥሪያ ቤቶችም መረጃን የመጠበቅ ግዴታ አለባቸው። ይህን ግዴታ ባለጉዳዩን በማሯሯጥ የተወጡት አይምሰላቸው፤ የሰዓታቸውን ቁጥር ከመወሰናቸው በፊት አንድ ሰው ቅጹን በአማርኛ ሞልቶ እስኪጨርስ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅበት ተቀምጠው ይለኩ።