ስለ ደባልነት ኑሮ

ሰው በዚህ ዓለም ሲኖር ከምግብና ከልብስ ጋራ የግድ የሚያስፈልገው መጠለያ ቤት ነው። ምግብ ቢወደድ ቀንሶ ይበሉታል፤ ልብስ ቢወደድ ያለውን አጥበውና ጠግነው ይለብሱታል፤ የቤት ኪራይ ግን ወር በገባ ቁጥር ሙሉው ይጠየቃል እንጂ ተሸርፎ የሚከፈል አይደለም። ስለዚህ ደመወዙ አነስተኛ የሆነ ሠራተኛ ኪራዩን መቀነስ ሲያቅተው ከሌላ ሰው ጋራ መካፈልን ይመርጣል። ይህም ደባልነት የሚባለው ነው። ደባልነትን እንደ ነውር ቈጥረው የሚያፍሩበት አሉ፤ ነገር ግን የሚያሳፍረው አብሮ ማደር ሳይሆን ያለ ሥርዐት አብሮ ማደር ነው። በሥርዐት የተያዘ እንደ ሆነ ገንዘብ ያተርፋል፥ ባልንጀራም ያፈራል፤ ያለ ሥርዐት የተጀመረ እንደ ሆነ ግን ገንዘብንም ወዳጅነትንም ቤትንም በአንድ ጊዜ ያሳጣል።

ይህ ኑሮ ለቂርቆስ ክፍለ ከተማና ለካዛንቺስ ሰፈር እንግዳ አይደለም። ካዛንቺስ የሚለው ስም ራሱ ከኢጣልያ ቋንቋ የመጣ ነው። በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ የሚሠራው የኢጣልያ ድርጅት በአጭር ስሙ ኢንቺስ ይባል ነበርና፥ «ካሴ ኢንቺስ» ማለት የኢንቺስ ቤቶች ማለት ነው። እንግዲህ ሰፈሩ ከመሠረቱ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ የት ይደር ለሚለው ጥያቄ መልስ ሆኖ የተቈረቈረ ነው። ከነጻነት በኋላም በ1950 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሲቋቋም፥ በ1953 ዓ.ም. የአፍሪካ አዳራሽ ሲመረቅ፥ በዙሪያውም ሆቴሎችና መሥሪያ ቤቶች ሲበዙ፥ በአካባቢው ማደር የሚሻው ሰው እየበረከተ ሄደ።

በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት በሆነ ጊዜ፥ ወርኀዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ። የቀበሌ ቤት ኪራዩ እጅግ ዝቅተኛ ስለ ሆነ ያገኘው ሰው በቀላሉ አይለቀውም። ልጅ ሲያድግ፥ ዘመድም ከገጠር ሲመጣ፥ አንዱ ክፍል በጣውላና በመጋረጃ እየተከፈለ በአንድ ጣራ ሥር ሁለትና ሦስት ቤተ ሰብ ይኖርበት ነበር።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ግን በኮሪደር ልማት ምክንያት የካዛንቺስ አሮጌ ቤቶች በብዛት ፈረሱ፤ ከነዋሪዎቹም ብዙዎቹ ገላን ጉራን ወደ መሳሰሉት የከተማው ዳርቻዎች ተዛወሩ። መንገዱ ሰፋ፥ የሰፈሩም መልክ ተለወጠ፤ ከዚሁ ጋራ በጥቂት ብር ይገኝ የነበረው አንድ ክፍል ቤት አነሰ። እንግዲህ ሥራው እዚያው አካባቢ የሆነ ሰው ከሁለት ነገር አንዱን መምረጥ ግድ ሆነበት፤ ወይም ከሩቅ እየተመላለሰ በርካሽ ማደር፥ ወይም በቅርብ በደባልነት መኖር ነው።

ይህን የሚመርጥ ሰው አስቀድሞ ሒሳቡን በወረቀት ላይ ያስፍር። ከሩቁ ቤት ኪራይ ጋራ የጧትና የማታውን የታክሲ ገንዘብ፥ በሰልፍም የሚጠፋውን ሰዓት ይጨምር። በቅርቡ ቤት ኪራይ ላይም የመብራቱን፥ የውኃውንና የጥበቃውን ድርሻ ይደምር። ከዚያም በኋላ አከፋፈሉን ይመልከት። ለምሳሌ ሦስት ሰዎች ሁለት መኝታ ክፍል ያለውን ቤት በ18,000 ብር ቢከራዩ ለእያንዳንዱ 6,000 ብር ይደርሰዋል። ነገር ግን ሁለቱ በአንድ ክፍል ተዳብለው ሲያድሩ ሦስተኛው ብቻውን የሚያድር ከሆነ እኩል መክፈል ፍትሕ አይሆንም፤ ብቻውን ያለው 8,000፥ ሁለቱ ደግሞ አምስት አምስት ሺሕ ቢከፍሉ ቅሬታ አይኖርም። ከሦስቱ አንዱ በድንገት ቢወጣ ግን የቀሩት ዘጠኝ ዘጠኝ ሺሕ ብር ይጠየቃሉ። ይህን መሸከም የማይችል ሰው ርካሽ ቤት አገኘሁ ብሎ መደሰት አይገባውም።

ከሒሳቡ የሚበልጠው ውሉ ነው። ቃል ይረሳል፥ ጽሑፍ ይወረሳል ይባላልና። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1896 እንደሚደነግገው፥ ባለዕዳዎች ብዙ የሆኑ እንደ ሆነ በውል ሌላ ነገር ካልተወሰነ በቀር በአንድነትና በነጠላ ኃላፊዎች ናቸው። ይህም ማለት ሦስት ደባሎች ውሉን አብረው ፈርመው ሁለቱ ባይከፍሉ፥ አከራዩ ሙሉውን ኪራይ ከአንዱ ሊጠይቅ ይችላል ማለት ነው። የአንዱ ስም ብቻ በውሉ ላይ ያለ እንደ ሆነ ደግሞ ዕዳው ሁሉ በእርሱ ላይ ይወድቃል፤ የሌሎቹም መጠለያ በእርሱ በጎ ፈቃድ ላይ ይንጠለጠላል። ስለዚህ የሁሉም ስም በውሉ መግባቱ መልካም ነው። ከዚህም ሌላ ደባሎቹ በመካከላቸው ድርሻቸውን፥ ቅድሚያ የከፈሉትን ገንዘብ፥ አንዱ ሲወጣም ምን ያህል ቀን አስቀድሞ ማስታወቅ እንዳለበትና በእርሱ ፈንታ የሚገባውን ሰው ማን እንደሚመርጥ የሚገልጽ ወረቀት መፈራረም ይገባቸዋል።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ለተከራይ ጋሻ የሚሆን ነው። በዚህ አዋጅ መሠረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በተቆጣጣሪው አካል ዘንድ ይመዘገባል፤ ዘመኑ ከ2 ዓመት አያንስም፤ ቅድሚያ ክፍያም ከ2 ወር ኪራይ አይበልጥም፤ ኪራዩ በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ ዘዴ ይከፈላል። በደላላ ቃል ብቻ ተማምኖ ገንዘቡን በእጅ የሚሰጥ ሰው ይህን ጋሻ በገዛ ፈቃዱ ይጥላል።

የደባልነት ነገር በውጭ አገርም ብዙ ያስባል። በእንግሊዝ አገር፥ ለንደንን በመሰለ ኪራዩ ውድ በሆነ ከተማ፥ የአንድ ቤተ ሰብ ያልሆኑ 5 ወይም ከዚያ በላይ ሰዎች ወጥ ቤትና መታጠቢያ ተጋርተው የሚኖሩበትን ቤት የሚያከራይ ሰው ከአካባቢው አስተዳደር ፈቃድ ማውጣት አለበት። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ2007 ጀምሮም ተከራይ በመያዣ የሚሰጠው ገንዘብ ሕግ ባቆመው ጥበቃ ሥር እንዲሆን ተደርጓል። ሀብታሞቹ አገሮች እንኳ ይህን ነገር ለሰው ደግነት ብቻ አልተዉትም።

ሕጉ የአከራይንና የተከራይን ነገር ሲወስን፥ የደባልን ጠባይ ግን መርማሪው ተከራዩ ራሱ ነው። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያለፉ ሁሉ የአብነት ተማሪ በጠባብ ጎጆ ከባልንጀሮቹ ጋራ እንዴት እንደሚኖር ያውቃሉ። በአንድነት ገዳማትም መነኮሳት አብረው ሲኖሩ ማዕዱና ሥራው በሥርዐት የተወሰነ ነው፤ አባ ጳኩሚስ በ4ኛው መቶ ዓመት በግብጽ አብሮ የሚኖር ማኅበር ሲያቆም ለማኅበሩ ሥርዐት መሥራቱ፥ ጻድቃን ቢሆኑም እንኳ አብረው የሚኖሩ ሰዎች ያለ ደንብ እንደማይሰነብቱ ስላወቀ ነው። ጻድቃን ያልተዉትን ደንብ ደመወዝተኞች ሊንቁት አይገባም።

ስለዚህ ከመግባት በፊት የሚጠየቁ ጥቃቅን የሚመስሉ ነገሮች አሉ። አንዱ ሲጾም ሌላው የማይጾም ከሆነ፥ ወይም ሃይማኖታቸው የተለያየ ከሆነ፥ ድስቱ የጋራ ነው ወይስ የየራስ? በኤሌክትሪክ ምጣድ እንጀራ የሚጋግረው አንዱ ብቻ ሲሆን የቆጣሪው ሒሳብ እንዴት ይከፈላል? ውኃ በፈረቃ ሲመጣ በርሜሉን የሚሞላው ማን ነው? እንግዳ እስከ ስንት ሰዓት ይቆያል? ከገጠር የመጣ ዘመድስ ስንት ሌሊት ያድራል? በተለይ ሴት ልጅ የበሩን ቁልፍ እነማን እንደያዙት ሳትጠይቅ ዕቃዋን ማስገባት የለባትም። በእነዚህ ነገሮች ቀድሞ መነጋገር የሚያሳፍረው ሰው በኋላ በጠብ መነጋገሩ አይቀርም።

እንግዲህ ሹማምንት የውል ምዝገባው ያለ እንግልት እንዲፈጸም፥ ደባል ሆነው የሚከራዩትም ሁሉ ስማቸው እንዲመዘገብ ቢተጉ ብዙ ክርክር ፍርድ ቤት ሳይደርስ ይቀራል። አባቶች ካህናትም ወደ ከተማ የሚመጣውን ልጃቸውን ሲመርቁ አብረው ቢመክሩት መልካም ነው፤ ከግድግዳው ቀለም በፊት የባልንጀራውን ጠባይ፥ ከኪራዩ ማነስ በፊት የውሉን ቃል ይመልከት። ቤት ጠባብ ቢሆን ሰው ይችለዋል፤ ውል የሌለው ቤት ግን ሰፊም ቢሆን ማደሪያ አይሆንም።