ብርድ የመታውን ወይራ ለመንቀል አትቸኩሉ

ወይራ ለደጋው ነዋሪ እንግዳ ዛፍ አይደለም። የጠላው ጋን በጢሱ ይታጠናል፤ ቀንበጡ ለጥርስ መፋቂያ፣ እንጨቱ ለዱላና ለምሰሶ ይሆናል። ይኸው የደጋችን ዛፍ በሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ ዘይቱ ከሚጨመቀው ወይራ ጋር የአንድ ዘር ወገን ነው። የሚለያቸው በተለይ ፍሬው ነው፤ የዱሩ ወይራ ፍሬ አነስተኛና ሥጋው ስስ ሲሆን፣ የዘይቱ ወይራ ግን የሰው ልጅ ለብዙ ሺህ ዓመታት እየመረጠ ያሳደገው በመሆኑ ፍሬው ሥጋማና ቅባታም ነው።

በጓሮው ወይም በጦር ሰፈሩ ግቢ የዘይት ወይራ ለመትከል የሚያስብ የደጋ ሰው በቅድሚያ የሚያነሳው የብርድን ጉዳይ ነው። ሥጋቱ ተገቢ ነው። ሆኖም ብርድ ለወይራ ጠላት ብቻ አይደለም፤ ዛፉ አበባ ለማውጣት ለሳምንታት የሚዘልቅ መጠነኛ ቅዝቃዜ ያስፈልገዋል። ዓመቱን ሙሉ በሚሞቅ ቆላ ቅጠሉ ቢለመልምም ፍሬ የሚነሳው በዚሁ ምክንያት ነው። ሥር የሰደደ ዛፍ ከዜሮ በታች እስከ 7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚደርስ ብርድ ለአጭር ጊዜ ይችላል፤ ይበልጥ የሚጎዳው ለጋው ችግኝ ነው።

ድንገተኛ ብርድ ግን ትልቁንም ዛፍ ይጥላል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1956 በደቡብ ፈረንሳይ የጃንዋሪ ወር ለዘብ ያለ ስለነበር ወይራዎቹ መነቃቃት ጀምረው ነበር፤ በፌብሩዋሪ መጀመሪያ የወረደው ከባድ ውርጭ በሚሊዮን የሚቆጠሩትን አደረቀ። በ1985 ጃንዋሪ ደግሞ በኢጣልያ የቶስካና ክፍለ ሀገር ቅዝቃዜው በአንዳንድ ስፍራ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪን አልፎ፣ የአብዛኛውን ወይራ ግንድ ገደለ።

ይሁን እንጂ በሁለቱም አገር ግንዱ የሞተ ብዙ ዛፍ ሥሩ በሕይወት ነበር። ገበሬዎቹ የሞተውን ከመሬት አስጠግተው በቆረጡት ጊዜ ከጉቶው አዲስ ቡቃያ ወጣ። በወታደር አነጋገር፣ ዛፉ ግንባሩን ለቀቀ እንጂ ደጀኑን አላስያዘም። ችኩል ሰው ጉቶውን ነቅሎ ቢሆን ኖሮ ግን ውርጩ ያተረፈውን ሥር በገዛ እጁ ባጠፋ ነበር።

ስለዚህ አትክልተኛው የሚከተሉትን ልብ ይበል። ወይራ ከብርድ ይልቅ የታቆረ ውሃ ይገድለዋል፤ ክረምት ውሃ በሚይዘው የዋልካ አፈር ላይ ጠጠር ቀላቅሎ፣ አፈሩን ጉብ አድርጎ መትከል ያሻል። ውርጭ ጥርት ባለ ሌሊት ወደ ረባዳ ስፍራ ስለሚወርድ፣ ከጉድጓዳማው ቦታ ይልቅ ተዳፋቱ ይመረጣል። የችግኙን እግር በአፈርና በገለባ መሸፈን፣ ግንዱንም በጆንያ መጠቅለል ይገባል። የውርጩ ወራት ሲቃረብ ፍግ ማብዛትና መግረዝ አይገባም፤ ለጋ ቡቃያ አውጥቶ ለብርድ ያጋልጠዋልና።

ውርጭ ከመታው በኋላ ቅርፊቱን በጥፍር ፋቅ አድርጎ ማየት ነው። ውስጡ አረንጓዴ ከሆነ ሕይወት አለው። ቡናማ ቢሆንም እንኳ ሞቃቱ ወቅት ገብቶ ቡቃያው የሚወጣበት ስፍራ እስኪለይ ድረስ መጋዝ አይነሳ።

በመጨረሻ አንድ ነገር እናስገነዝባለን። የዘይቱን ወይራ ቀንበጥ በዱሩ ወይራ ግንድ ላይ ማዳቀል ይቻላል፤ በፓኪስታን በሰፊው ተሠርቶበታል። እንዲህ የተዳቀለ ዛፍ በብርድ ተመትቶ ከመጋጠሚያው በታች ቢያቆጠቁጥ፣ የሚወጣው ቡቃያ የዱሩ ነው። ይህም ቢሆን ሥሩን ለመንቀል ምክንያት አይሆንም፤ ቡቃያው ሲጠነክር እንደገና ይዳቀልበታል። አዲስ ችግኝ ሥር እስኪሰድ ዓመታት ይፈጅበታል፤ ከብርድ የተረፈው ሥር ግን እነዚያን ዓመታት አስቀድሞ የከፈለ ነው።