«የመቶ ዓመት ማዕበል» ስንት ዓመት ይጠብቃል?

ዳላስ ባሕር የላትም፤ ጋልቨስተን ለመድረስ አምስት ሰዓት ያህል መንዳት አለብን። ይሁንና ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት እናት፣ ልጃቸው በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ነዳጅ ማውጫ ላይ ስለሚሠራ፣ የአውሎ ነፋስ ዜና በሰሙ ቁጥር «ያ ብረት ይችለዋል?» ይሉኛል። መልሱን ፍለጋ ማንበብ ጀመርኩ።

መሐንዲሶች የማዕበልን ኃይል የሚያሰሉት እ.ኤ.አ. በ1950 ሞሪሰንና ባልደረቦቹ ባወጡት ቀመር ነው። ዋናው ነገር የውኃው ፍጥነት ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ምሰሶውን የሚገፋው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። በክረምት ወንዝ የተሻገረ ሰው ይህን ያለ ቀመርም ያውቀዋል።

የሚያስፈራው ግን ምሰሶው አይደለም። ውኃ በቀጫጭን ምሰሶዎች መካከል ሾልኮ ያልፋል። የማዕበሉ አናት ሰዎች የሚኖሩበትን ወለል ከነካ ግን ግድግዳ እንደመታ ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው ወለሉ ከባሕሩ ምን ያህል ከፍ ይበል የሚለው ነው።

ቀድሞ ብዙዎቹ የሚሠሩት በ25 ዓመት አንዴ ይመጣል ለተባለ ማዕበል ነበር። በ1964 ሂልዳ የተባለው አውሎ ነፋስ 13 መድረኮችን ካወደመ በኋላ ስሌቱ ወደ መቶ ዓመት ከፍ አለ። በ1969 የአሜሪካ ፔትሮሊየም ኢንስቲትዩት የመጀመሪያውን የግንባታ መመሪያ አወጣ። የወጣውም እዚሁ ዳላስ ከነበረው ቢሮው ነው!

«የመቶ ዓመት ማዕበል» የሚለው ስም ግን ያሳስታል። መቶ ዓመት ቆጥሮ አይመጣም፤ በየዓመቱ ከመቶ አንድ ዕድል አለው ማለት ነው። መድረኩ 30 ዓመት ከቆመ በዚያ ጊዜ ውስጥ የመምጣት ዕድሉ 26 በመቶ ገደማ ይደርሳል። እኔ እንዲህ ያለ ዕድል ትንሽ ነው አልልም።

ትንበያው የሚሻሻለው ደግሞ በመለካት ነው። በ2004 አይቫን የተባለው አውሎ ነፋስ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ተመራማሪዎች ከባሕሩ ወለል ላይ ባስቀመጧቸው የግፊት መለኪያዎች በላይ አለፈ። ማዕበሉ ከፍ ሲል ከሥር ያለው ግፊት ስለሚጨምር ቁመቱን ከዚያ ማስላት ይቻላል። 27.7 ሜትር ሆኖ ተገኘ፤ የዘጠኝ ፎቅ ሕንፃ ያህል ማለት ነው። መሣሪያዎቹ የሚመዘግቡት በየተወሰነ ሰዓት ብቻ ስለነበር ከዚያ የሚበልጥ ሳያመልጣቸው አልቀረም።

በተከታዩ ዓመት ካትሪናና ሪታ ከመቶ በላይ መድረኮችን አወደሙ። ሠራተኞቹ ግን ትንበያው እንደተሰማ ጉድጓዶቹን ዘግተው በሄሊኮፕተርና በጀልባ ወደ የብስ ወጥተው ነበር።