ኒው ላናርክ፤ በክላይድ ወንዝ ገደል ውስጥ የተቆረቆረ የስኮትላንድ መንደር ታሪክ

ከግላስጎ ከተማ በስተደቡብ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፥ ላናርክ ከሚባለው ጥንታዊ የገበያ ከተማ ቁልቁል፥ የክላይድ ወንዝ ጠባብ ገደል ሰንጥቆ ይወርዳል። በገደሉም ውስጥ ቦኒንግተን፥ ኮራና ዳንዳፍ የሚባሉ ፏፏቴዎች በተራ ይገኛሉ። የአገሩ ሰዎች በያንዳንዱ ስም ላይ «ሊን» የሚል ቃል ይጨምራሉ፤ ይኸውም በጌይሊክ ቋንቋ ኩሬን ከሚያመለክት ቃል ጋራ የተዛመደ ነው። ትልቁ ፏፏቴ ኮራ ሲሆን ከፍታው 26 ሜትር ያህል ይሆናል። ከዳንዳፍ ፏፏቴ አጠገብ፥ በወንዙ ዳርና በገደሉ ግድግዳ መካከል ባለው ጠባብ ሜዳ ላይ ኒው ላናርክ፥ ማለት አዲሱ ላናርክ፥ የሚባለው መንደር ተሠርቷል። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው አንድ ገደል እንዴት መንደርን እንደ ወለደና በዚያም የተጀመረው የማኅበራዊ ኑሮ ሙከራ ከምን እንደ ደረሰ ነው። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

የመንደሩ መነሻ የውኃው ኃይል ነው። ዴቪድ ዴል የተባለ የግላስጎ ነጋዴ፥ ጥጥ በውኃ ኃይል የሚፈተልበትን መኪና በፈለሰፈው በሪቻርድ አርክራይት ረዳትነት፥ በ1785 ዓ.ም. ፋብሪካ ማሠራት ጀመረ። ውኃውን ከፏፏቴው በላይ ገድበው፥ ዐለቱን በስተውስጥ ፈልፍለው፥ በቦይ ወደ መዘውሮቹ አመጡት። በ1786 የመጀመሪያው ፋብሪካ መፍተል ጀመረ፤ በ1788 በእሳት ቢቃጠልም ወዲያው እንደ ገና ተሠራ፤ በ1793 ፋብሪካዎቹ አራት ሆኑ።

ነገር ግን ውኃው ባለበት ሰው አልነበረም። ስለዚህ መንደሩ ገና ከጅምሩ የመጤዎች መንደር ሆነ። በ1791 ከስካይ ደሴት ወደ ሰሜን አሜሪካ ስደተኞችን ይዞ የተነሣ መርከብ በማዕበል ተገፍቶ ግሪኖክ ወደብ በገባ ጊዜ፥ ዴል ሥራና ቤት ሊሰጣቸው ቃል ስለ ገባላቸው መቶ ያህሉ ወደ ገደሉ መጡ። ከደጋው አገር ሌሎችም ተከተሉ፤ ኬትነስ ከሚባለው ሰሜናዊ አውራጃ የመጡትን የሚያስታውስ የቤቶች ረድፍ እስከ ዛሬ «ኬትነስ ሮው» ይባላል። ከነዚህም ሌላ ከድኾች መጦሪያ የተወሰዱ በመቶ የሚቈጠሩ ሕፃናት በፋብሪካው ያድሩና ይሠሩ ነበር። ከጧቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ከዋሉ በኋላ ወደ ማታ ትምህርት ቤት ይገቡ ነበር። ይህ አያያዝ በዘመኑ እንደ ቸርነት ይታይ እንደ ነበረ ስናስብ፥ የሌሎቹ ፋብሪካዎች ሕፃናት ኑሮ ምን ይመስል እንደ ነበረ መገመት አያዳግትም።

በ1799 ሮበርት ኦወን የተባለ የዌልስ ተወላጅ ከማኅበርተኞቹ ጋራ ፋብሪካዎቹን በ60,000 ፓውንድ ገዛ፤ በዚያው ዓመት የዴልን ልጅ ካሮላይንን አገባ፤ ከ1800 መባቻም ጀምሮ መንደሩን አስተዳደረ። የኦወን ዋና አሳብ የሰው ጠባይ የሚቀረጸው በአካባቢውና በአስተዳደጉ ነው የሚል ነበር። ስለዚህ ከመጦሪያ ሕፃናትን መቀበል አቆመ፤ ከ10 ዓመት በታች ያሉትም ወደ መኪናው እንዳይቀርቡ ከለከለ። የሥራው ቀን ከምግብ ሰዓት በቀር ወደ 10 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ዝቅ አለ። በመንደሩ ሱቅ ጥሩ ዕቃ በርካሽ ይሸጥ ነበር፤ ትርፉም ለትምህርት ይውል ነበር። ከያንዳንዱ ሠራተኛ ደመወዝ ከ60 አንድ እጅ እየተቀነሰ ለሕሙማን መርጃ ይቀመጥ ነበር። በ1807 መጨረሻ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ንግድን ባገደ ጊዜ ጥጥ ስለ ተወደደ መኪናዎቹ አራት ወር ቆሙ፤ ሠራተኞቹ ግን ሙሉ ደመወዛቸውን ተቀበሉ። ሕዝቡ ኦወንን ከልቡ ያመነው ከዚህ በኋላ ነው ይባላል።

በ1816 ጥር 1 ቀን የጠባይ መቅረጫ ተቋም ተከፈተ። እዚያም መራመድ የጀመሩ ሕፃናት ሳይቀሩ ያለ ዱላ፥ በካርታና በሥዕል፥ በዘፈንና በጭፈራ ይማሩ ነበር። ከየአገሩ ጐብኚዎች መጡ፤ ከነርሱም አንዱ በኋላ የሩሲያ ንጉሠ ነገሥት የሆነው ኒኮላስ ነበረ።

ሆኖም የዚህን ሥርዓት ሌላ ገጽታ አለመመልከት ሚዛን ማዛባት ይሆናል። በያንዳንዱ ሠራተኛ አጠገብ አራት ቀለማት ያሉት ትንሽ እንጨት ይሰቀል ነበር፤ ጥቁሩ መጥፎ፥ ሰማያዊው መካከለኛ፥ ቢጫው ጥሩ፥ ነጩ እጅግ ጥሩ ጠባይን ያሳይ ነበር። ቤታቸው ንጹሕ መሆኑን የሚመረምሩ ሰዎች ደጃፋቸውን ሲያንኳኩ፥ ሴቶቹ «ትኋን አዳኞች» እያሉ ይሳለቁባቸው ነበር። ቤቱም፥ ሱቁም፥ ትምህርት ቤቱም የጌታው ነበረና ሠራተኛው ቢቀየም የሚሸሽበት ሌላ ቦታ በገደሉ ውስጥ አልነበረም። ከዚህም የከበደ ነገር አለ፤ የሚፈተለው ጥጥ ከምዕራብ ኢንዲስ ደሴቶችና ከደቡብ አሜሪካ ግዛቶች የሚመጣ፥ ባሮች ያለቀሙት ጥቂት የሆነ ጥጥ ነበር። ዴል በ1791 በግላስጎ የባሪያ ንግድን የሚቃወም ማኅበር መሪ ነበረ፤ ሀብቱ ግን ከዚያው ጥጥ ይመነጭ ነበር።

የሙከራውም ዕድሜ በባለቤቱ ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነበረ። ማኅበርተኞቹ በጭፈራውና በሃይማኖት ትምህርቱ ጉዳይ ስለ ተቃወሙት፥ ኦወን ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በ1825 ኒው ሃርሞኒ የሚባል የኅብረት መንደር መሠረተ፤ እርሱም ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ፈረሰ። ኒው ላናርክ ግን በሌሎች ባለቤቶች እጅ መፍተሉን እስከ 1968 ቀጠለ። በ1927 የቦኒንግተን የኤሌክትሪክ ማመንጫ ስለ ተሠራ፥ ከዚያ ወዲህ ፏፏቴዎቹ ሙሉ ግርማቸውን የሚያሳዩት ማመንጫው ለጥገና በሚዘጋበት ወይም ውኃው በሚሞላበት ጊዜ ነው። ፋብሪካዎቹ ከተዘጉ በኋላ ሕንጻዎቹ ሊፈርሱ ተቃርበው ነበር፤ በ1970ዎቹ የተቋቋመው የጥበቃ ድርጅት ግን አደሳቸው። በ2001 መንደሩ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገባ፤ ዛሬም ሰዎች ይኖሩበታል።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንረዳለን። አንደኛ፥ ኃይል የሰጠው ገደል መነጠልንም ሰጥቷል፤ መነጠሉም ሙከራውን የሚቻል፥ ጌትነቱንም ፍጹም አድርጎታል። ሁለተኛ፥ በአንድ ሰው ቸርነት የቆመ ሥርዓት ያ ሰው ሲሄድ ይላላል፤ ሕግ የሆነው ግን ይቀራል። በኦወን ውትወታ የተጀመረው የ1819 ሕግ በጥጥ ፋብሪካዎች ከ9 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቅጠር ከለከለ፤ ተቈጣጣሪ ስላልተመደበለት ብዙ ባይፈጸምም፥ ለኋለኞቹ ጠንካራ ሕጎች መንገድ ጠርጓል። የመንደሩን ታሪክ የሚያጠና ሰው ስለዚህ ሕንጻውን ብቻ ሳይሆን፥ ጥጡን የለቀሙትን፥ ፈትሉን የፈተሉትንና ስማቸው በመዝገብ ያልቀረላቸውን ሕፃናት አብሮ ማሰብ ይገባዋል።