ለነጋዴ የሚሆን ኢንተርኔት፤ ስለ ፍጥነትና ስለ ዋስትና



ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ጥቂት ኪሎ ሜትር ራቅ ብላ የምትገኘው ወለቃ በሸክላ ሥራዋ የታወቀች መንደር መሆኗ የተሰወረ አይደለም። ነባሮቹ ባለሙያዎች ቤተ እስራኤላውያን በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በብዛት ወደ እስራኤል ከሄዱ ወዲህም በመንገዱ ዳር የሸክላ ምስልና ጌጥ የሚሸጥባቸው ሱቆች አልጠፉም። ቀድሞ የእነዚህ ሱቆች ገዢ መኪናውን አቁሞ የሚወርደው መንገደኛ ብቻ ነበረ። ዛሬ ግን አዲስ አበባ ወይም ባሕር ማዶ ያለ ሰው የዕቃውን ፎቶግራፍ በስልኩ ተመልክቶ ማዘዝ ይችላል። እንግዲህ ለወለቃው ባለሱቅም ሆነ ሰሊጥ ወደ ውጭ አገር ለሚልከው የጎንደር ነጋዴ ኢንተርኔት እንደ ሚዛንና እንደ መጋዘን ያለ የሥራ መሣሪያ ሆኗል ማለት ነው። ሚዛን ሲገዛ ትክክለኛነቱ ይፈተናል፤ ኢንተርኔት ሲገዛ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጠየቀው «ስንት ሜጋ ነው?» ተብሎ ብቻ ነው። መስመሩ በተቋረጠ ጊዜ ምን እንደሚሆን የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

እንደሚታወቀው ኢንተርኔት ወደ አገራችን የገባው በጥር 1989 ዓ.ም. ሲሆን፥ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ለብዙ ዓመታት አቅራቢው አንድ መሥሪያ ቤት ብቻ ስለ ነበረ ነጋዴው የተሰጠውን ከመቀበል በቀር ምርጫ አልነበረውም። የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ከወጣና ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን ከተቋቋመ በኋላ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ፈቃድ አግኝቶ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ከኢትዮ ቴሌኮም ጎን ለጎን ሥራ ጀመረ። ስለዚህ ዛሬ ውልን ከውል ማስተያየት ይቻላል፤ ለማስተያየት ግን ውሉን ማንበብ ያስፈልጋል።

በቅድሚያ ስለ ፍጥነት ጥቂት እንበል። ሻጩ የሚቆጥረው በሜጋ ቢት ነው፤ የምንልከው ሰነድ ግን የሚመዘነው በሜጋ ባይት ሲሆን፥ አንዱ ባይት 8 ቢት ነው። ስለዚህ 10 ሜጋ ቢት የተባለ መስመር ሙሉ በሙሉ ቢሠራ እንኳ በሰኮንድ የሚያሳልፈው 1.25 ሜጋ ባይት ነው፤ 50 ሜጋ ባይት የሚመዝን ሰነድ ለመላክ 40 ሰኮንድ ይፈጃል። ይህም መላኪያው ከመቀበያው ጋር እኩል ፍጥነት ያለው እንደ ሆነ ነው። ብዙዎቹ ርካሽ ውሎች ለመቀበያው ሰፊ፥ ለመላኪያው ጠባብ በር ይሰጣሉ። ሰነድ የሚልክ ነጋዴ ሁለቱንም ቁጥሮች ለይቶ ይጠይቅ። በተጨማሪም መስመሩ ለብቻ የተመደበ ነው ወይስ ከጎረቤት ጋር የሚካፈሉት? የጋራ ከሆነ በማስታወቂያው የተጻፈው ፍጥነት ከፍተኛው ወሰን እንጂ የተረጋገጠው አይደለም፤ በሥራ ሰዓት ሁሉም በተሻማ ጊዜ ይቀንሳል።

ነገር ግን ነጋዴን የሚጎዳው ከመዘግየት ይልቅ መቋረጥ ነው። ሰሊጥ ላኪውን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ዕቃው በሌተር ኦፍ ክሬዲት የተሸጠ እንደ ሆነ፥ ባንኮች በሚከተሉት ዓለም አቀፍ ደንብ መሠረት፥ በውሉ ሌላ ቀን ካልተወሰነ በቀር ሰነዶቹ ዕቃው ከተጫነ በ21 ቀን ውስጥ ለባንክ መቅረብ አለባቸው። ባንኩ ደግሞ ለመመርመር እስከ 5 የሥራ ቀን ይፈቀድለታል። የጂቡቲው አስተላላፊ የላከው የጭነት ሰነድ ረቂቅ አንዲት ፊደል የተሳሳተችበት ቢሆን፥ ማረሚያው የሚላከው በኢንተርኔት ነው፤ መስመሩ ለ2 ቀን ቢጠፋ የሚቃጠለው ከእነዚሁ ቀኖች ላይ ነው። አባቶቻችን ቴሌግራም ሲልኩ ዋጋው በቃል ቁጥር ስለ ነበረ ቃል ይቆጥቡ ነበር፤ የዛሬው ባለ ተመሳሳይ ስም ቴሌግራም ቃል አያስቆጥብም፤ መስመር ከሌለ ግን አንዲት ቃል አያደርስም።

ስለዚህም ለድርጅት በሚሸጠው ኢንተርኔት ላይ የአገልግሎት ደረጃ ስምምነት የሚባል ወረቀት ይታከላል። በዚህ ወረቀት ላይ አቅራቢው መስመሩ ከመቶ ይህን ያህል ጊዜ እንደሚሠራ ቃል ይገባል። ቁጥሮቹ ለዐይን ተቀራራቢ ናቸው፤ በሰዓት ሲመነዘሩ ግን ልዩነታቸው እጅግ ሰፊ ነው። ዓመቱ 8,760 ሰዓት ነው። 99 ከመቶ ማለት በዓመት 87 ሰዓት ከግማሽ ያህል፥ ማለትም ከ3 ቀን ተኩል በላይ ቢጠፋ ውሉ አልፈረሰም ማለት ነው። 99.5 ከመቶ ወደ 44 ሰዓት፥ 99.9 ከመቶ ደግሞ 9 ሰዓት ያልሞላ ይሆናል።

ከዚህም ይልቅ የሚያስፈልገው ቆጠራው በወር ነው ወይስ በዓመት ብሎ መጠየቅ ነው። 99.5 ከመቶ በወር ቢቆጠር አቅራቢው በ30 ቀን ውስጥ ከ3 ሰዓት ከ36 ደቂቃ በላይ ካቋረጠ ጥፋተኛ ነው። በዓመት ቢቆጠር ግን 43 ሰዓቱን ሁሉ በአንድ ሳምንት፥ ያውም ሰሊጥ በሚጫንበት ሳምንት፥ ቢጨርሰው ቃሉን እንደ ጠበቀ ይቆጠራል። ሁለቱ ውሎች አንድ ዐይነት ቁጥር ይዘው ዋጋቸው አንድ አይደለም።

ቀጥሎ የሚመረመረው በቆጠራው ውስጥ የማይገባው ነው። አስቀድሞ በማስታወቂያ የተነገረ የጥገና ሰዓት፥ በደንበኛው ቤት የጠፋ የኤሌክትሪክ መብራት፥ ከዐቅም በላይ የሆነ ምክንያትና በመንግሥት ትእዛዝ የሚደረግ መቋረጥ በብዙ ውሎች ከዋስትናው ውጭ ናቸው። በክልላችን ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ መቆየቱ ይታወሳል፤ እንዲህ ላለው ጉዳት የካሳ አንቀጽ የሚፈይደው ነገር የለም።

ካሳውም ቢሆን መጠኑ ይታወቅ። የተለመደው ከወሩ ክፍያ ላይ የተወሰነ ገንዘብ መቀነስ ነው፤ የጠፋውን ትርፍ ወይም የተሰረዘውን ሽያጭ የሚከፍል የለም። ያንንም ለማግኘት ደንበኛው በተወሰነ ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንዲጠይቅ ያስገድዳሉ። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በአንድ ነጋዴ ቢሮ በጸሐፊነት የሚሠራ ስለ ሆነ ከሥራው አንድ ነገር ቢጠቅስ ይፈቀድለት፤ ስሙን መጥቀስ ከማያስፈልገው አንድ አቅራቢ ጋር ስለ መቋረጥ በተከራከርን ጊዜ የረዳን ተራ ደብተር ነበር። በደብተሩ ላይ መስመሩ የጠፋበት ቀንና ሰዓት፥ አቤቱታውን የተቀበለው ሠራተኛ ስምና የአቤቱታው ቁጥር፥ መስመሩ የተመለሰበት ሰዓት ተጽፎ ተገኘ። ብዙ ጊዜ ሰዓቱ የሚቆጠረው መስመሩ ከጠፋበት ሳይሆን ደንበኛው ካመለከተበት ደቂቃ ጀምሮ ስለ ሆነ፥ ማለዳ ቢሮ የሚከፍት ሰው ወዲያው እንዲደውል መታዘዝ አለበት።

ዋናው ዋስትና ግን ሁለተኛ መንገድ መያዝ ነው። የፋይበር መስመር ያለው ነጋዴ ከሌላው ኩባንያ የሞባይል ኢንተርኔት በተጠባባቂነት ቢይዝ ቆፋሪ ፋይበሩን በቆረጠው ጊዜ ሥራው አይቆምም። ነገር ግን የሞባይሉ ማማ ራሱ በዚያው በተቆረጠው ፋይበር የሚመገብ ሊሆን ስለሚችል፥ ሁለቱ መስመሮች ከከተማው የሚወጡት በአንድ መንገድ ነው ወይስ በልዩ ልዩ ብሎ መጠየቅ ይገባል። መልሱን በቃል ሳይሆን በደብዳቤ መቀበል ይሻላል። መብራት ሲጠፋ ራውተሩን ለጥቂት ሰዓት የሚያቆይ ባትሪም ከዚሁ ጋር ይገዛ፤ ዋጋው ከአንድ ቀን ሥራ መፍታት አይበልጥም።

ይህ ሁሉ ለሁሉም ነጋዴ አይደለም። ለወለቃው የሸክላ ባለሱቅ ለብቻ የተመደበ መስመር ከዐቅም በላይ ወጪ ነው፤ የሁለቱን ኩባንያዎች ሲም ካርድ መያዝ ይበቃዋል። ጎረቤታሞች አንድ የተሻለ መስመር በጋራ ለመግዛት ያሰቡ እንደ ሆነ ደግሞ ውሉ ለሌላ ማከፋፈልን ይከለክል እንደ ሆነ አስቀድመው ይመልከቱ። ፋይበሩ እስከ በራቸው መድረሱንም ባለሙያ መጥቶ ሳያይ ቅድሚያ ክፍያ አይፈጽሙ።